በአሰብ ሙቀት በር ስለ መዝጋት

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ፣ ኮምቦልቻ በምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ የአንዱ ብረት ፋቂ ማሽን፣ የሲኤንሲ ፍሬዛ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት። ፊት ለፊቱ ቬንትሌተር ተደቅኗል። ቬንትሌተሩ ግራና ቀኝ እየዞረ ከወለሉ ላይ የብረት ብናኝ ያነሳና በሽቦዎቹ ላይ ይነፋል። ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች አጠገቡ ቆመው ይሳሳቃሉ።

«ይህን በር ማን ከፈተው?» አልኩ።

«ጋሼ፣ ሙቀት እየበዛበት በየሰዓቱ እየቆመ አስቸገረን» አለ አንደኛው። «ከከፈትነው ወዲህ ሰላም ሆኗል።»

በሩን ገፍቼ ዘጋሁት፤ ቬንትሌተሩንም ከሶኬቱ ነቀልኩት። ከዚያ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ያው ልጅ መጣና «ጋሼ፣ ቁጣዎን ሰምተናል፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩንም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ቁጣ ብቻውን አያስተምርም። ይህን ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። የመጀመሪያ ልጄ አሁንም «አባዬ፣ እኛን እንደ ማሽን ነው ያሳደግኸን፤ ሳንበላሽ ትጠግነን ነበር» እያለች ትቀልድብኛለች። ትቀልድ። እኔም ቅር አልሰኝም። ሳይበላሽ መጠገን የተማርኩበትን ቦታና የተማርኩበትን ሁኔታ ግን ለእሷም ነግሬያት አላውቅም። እንግዲህ ለዚያ ልጅም ለእሷም እዚህ እጽፈዋለሁ።

ትምህርት ቤት የቆየሁት ማንበብና መጻፍ እስክችል ብቻ ነው። ከወሎ ወጥቼ አሰብ የገባሁት በጭነት መኪና ረዳትነት ነው። መኪናው በረሃ መሀል ሲቆም ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ ይተኛል፤ እኔ ሞተሩን እየፈታሁ እገጥማለሁ። የገጠምኩት መኪና ተነስቶ ሲሄድ የሚሰማኝ ደስታ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ብረቱ ሳበኝ። ስለዚህ አንድ ቀን አሰብ ላይ ወርጄ ቀረሁ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ ጋራዥ ውስጥ ነበር። አለቃው ደግ ሰው ነው፤ ምሳ ሳያበላን አይውልም። ትእዛዙ ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ያልተሰበረ አትንኩ። እኛም አልነካንም። የመጣው መኪና ሁሉ ተሰብሮ ይመጣል፣ ተጠግኖ ይሄዳል፣ ተመልሶ ተሰብሮ ይመጣል። ብዙ ሠርተን ምንም የማይሻሻልበት ቤት ነበር። ደግነት ብቻውን ሥራ እንደማያቃና ያየሁት እዚያ ነው፤ ሰውየውን ግን ዛሬም በደግ አነሳዋለሁ።

ከዚያ ወደ ካፖ ኪዳነ ኦፊቺና ገባሁ። ኦፊቺናው፣ ማለትም ወርክሾፑ፣ ለወደቡ ክሬኖችና ለጭነት መኪኖች መለዋወጫ ይሠራ ነበር። ካፖ በጣሊያንኛ አለቃ ማለት ነው፤ እሳቸውም የወርክሾፑ አለቃ፣ በልጅነታቸው አስመራ ከጣሊያኖች ሥር በቶርኖና በፍሬዛ ብረት መቅረጽ የተማሩ፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ።

የካፖን ልማድ ላውራ። ሰው የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው፤ እሳቸው የሚታጠቡት ሊጀምሩ ሲሉ ነው። ጠዋት ገብተው እጃቸውን በሳሙና ፈትገው ያደርቁና የማሽኑን ገበታ በመዳፋቸው ይዳብሱታል። አሰብ ላይ ላብ ያለበት ጣት ያረፈበት ብረት በማግስቱ የጣቱን ቅርጽ ይዞ ይዝጋል። ካፖ ዝገቱን አይተው የማን ጣት እንደሆነ ያውቁ ነበር።

«ይመር» ይሉኛል፣ «ያንተ ላብ አሲድ ነው። አንተን ባትሪ ውስጥ ነበር መጨመር።»

የማሽኑን ኩሽኔታ የሚያዳምጡት በካቻቪቴ ነው። ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያን ጊዜ ያወራ ሰው ወዮለት። ፍርፋሪ ብረት በግፊት አየር ማባረር ክልክል ነበር፤ አየሩ ፍርፋሪውን ወደ መንሸራተቻው ውስጥ ስለሚከተው በብሩሽ ብቻ ነው የምንጠርገው። የኮምፕረሰሩን ቋት ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ከፍተን እናፈስሳለን፤ በአሰብ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ስንት ውሃ እንደሚያወጣ ያላየ ሰው አያምንም። የቧንቧው ውሃ ጨው ስላለበት፣ የማቀዝቀዣ ዘይት የምንበጠብጠው ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ኤርኮንዲሽነር ጠብ ጠብ በሚለው ውሃ ነበር። ካፖ ከኤርኮንዲሽነሩ ሥር ጀሪካን አስቀምጠው ነበር። «ቢሮው ለሥራችን የሚያዋጣው ይህን ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብቶም ይህን ሰምተው ይስቃሉ።

ሲኤንሲው የመጣው በእኛ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ሌላ አገር ያገለገለ ፍሬዛ በመርከብ መጣልን። ካፖ ጫማቸውን አውልቀው ዙሪያውን ዞሩት። ከኋላው እንደ ቁም ሳጥን የቆመ፣ አንጎሉ ያለበት የኤሌክትሪክ ሳጥን አለው። ሳጥኑን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ መሣሪያ ከጀርባው ተገጥሟል። ያንን መሣሪያ ልብ በሉት።

ማሽኑ ጎበዝ ነበር። እኛ በሳምንት የምንጨርሰውን በአንድ ቀን ይጨርሳል። ታዲያ የበጋው ሙቀት ሲገባ ቀይ መብራት እያበራ ይቆም ጀመር። ሳጥኑ ሞቋል ማለት ነው። እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን፣ እናስነሳለን፣ ይቆማል። ማሽኑ በቆመ ቁጥር የቀን ሠራተኞቹ ወደ ቤት ይሸኛሉ። ወደ ቤት የተሸኘ ደግሞ ለዚያ ቀን አይከፈለውም።

ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ አሊ ነው። አሊ የባሕር ዳርቻዋ የዒድ ከተማ ልጅ፣ አፋር፣ ሽርጡን አሳጥሮ የሚታጠቅ፣ ሥራው ማሽኑን መጥረግና ዘይት መሙላት የሆነ ሰው ነበር። ሚስቱ ፋጡማ በዚያው ሰሞን የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልዳለች። ቤታቸው ውስጥ ለሠርጋቸው ዘመዶቹ ከየመን በጀልባ ያመጡላቸው ቬንትሌተር ነበር። ባሏ በየቀኑ በጊዜ እየተሸኘ መምጣቱን ያየችው ፋጡማ ናት አሉ «ውሰደው፣ እኛ ደጅ እንተኛለን» ያለችው።

አሊ ቬንትሌተሩን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። የሳጥኑን በር ከፈተና ቬንትሌተሩን ደቀነበት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። አሰብን የማያውቅ ሰው የአሊን ሐሳብ አይረዳውም። እዚያ በበጋ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው የለም። አልጋ ደጅ ይወጣል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ሱቅ በሩን ይበረግዳል። በሙቀት ውስጥ ያለን ፍጥረት በር ዘግቶበት መሄድ ጭካኔ ነው። አሊ ለማሽኑ አዘነለት። ሁላችንም በሩ ሲከፈት ልክ መስሎ ታየን፤ ማንም አልተጠራጠረም።

ማሽኑም መቆሙን ተወ። ቀይ መብራቱ ጠፋ።

«አሊ፣ ፋጡማን ፈተህ ማሽን አገባህ?» ብለው ጓደኞቹ አላገጡበት።

«ምን ላድርግ» አለ አሊ፣ «ይቺኛዋ የምትጮኸው ሲሞቃት ብቻ ነው።»

አቶ ሀብቶም ከወደብ ሲመለሱ ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቆ ይመጣል። በቬንትሌተሩና በሳጥኑ መሀል ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። «ተባረክ አሊ! ማሽኑንም እኔንም አዳንከን» ይላሉ። ሸሚዛቸው ሲደርቅ ወደ ቢሮ ይገባሉ።

በጋው እንዲህ አለፈ። የአሰብ ንፋስ ከባሕሩ ጨው፣ ከበረሃው አቧራ ይዞ ሲነፍስ፣ ቬንትሌተሩም ያንኑ ወደ ሳጥኑ ሲነፋ ከረመ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለወደቡ ትልቁ ክሬን የኩሽኔታ ቤት እየሠራን ነበር። ክሬኑ ቆሟል፤ እህል የጫነ መርከብ መልሕቁን ጥሎ ይጠብቃል። ለሥራው የሚበቃው ብረት አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ሸካራው ሥራ አልቆ የመጨረሻው ስስ ፍቆት ላይ ደርሰን፣ ካፖ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በማሽኑ መስኮት ያያሉ፤ አሊ ብሩሹን ይዞ ከጎናቸው ቆሟል።

በድንገት ገበታው ወደ ጎን ዘለለ። ሰው የጮኸ መሰለኝ፤ ብረቱ ነው የጮኸው። መቁረጫው ተሰብሮ መስታወቱን መታው፤ ካፖ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ በመዳፋቸው መቱት። ማሽኑ ዝም ሲል ከፍተን አየን። ኩሽኔታው በሚቀመጥበት፣ እንደ መስታወት መለስለስ በነበረበት ክብ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ተቆፍሯል። ብረቱ አበቃለት።

ካፖ በቦዩ ውስጥ ጣታቸውን አስኬዱት።

ማሽኑን የሸጠልን ወኪል ከአዲስ አበባ ማርታ የምትባል ቴክኒሻን ላከ። ወጣት ናት፣ ቁም ነገረኛ። ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የተከፈተውን በር ነው። ከሳጥኑ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ነቅላ ወደ ብርሃኑ ወስዳ አሳየችን። መዳቡ በአረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ነገር ተሸፍኗል፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑት መስመሮች አንዳንዶቹ ተበልተው ተቆርጠዋል። ገበታውን የሚያዝዘው ካርድ ነው፤ ትእዛዙ መሀል ላይ ተቋርጦበታል።

ካፖ ጣታቸውን በካርዱ ጠርዝ ላይ አሻሽተው ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

«ጨው ነው» አሉ።

ማርታ ሳትስቅ እሷም ቀመሰች። «ጨው ነው» አለች።

ከዚያ ወደ ሳጥኑ ጀርባ ዞራ፣ ያንን የማቀዝቀዣ መሣሪያ ከፍታ ማጣሪያውን አወጣች። ስፖንጅ መሆኑ አይታወቅም፤ በአቧራና በዘይት ተደፍኖ እንደ ቂጣ ደርቋል። ነገሩ ሁሉ ያኔ ተገለጠልን። ሳጥኑ ይሞቅ የነበረው የታፈነው መሣሪያ መተንፈስ ስላቃተው ነው። ማጣሪያውን በሳሙና ማጠብ ብቻ ነበር የሚበቃው።

«የማሽኑ መመሪያ በየወሩ እጠቡት ይላል» አለች ማርታ። «መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ግን አሰብን አያውቁም። እናንተ በየሳምንቱ ማጠብ አለባችሁ። በሩ ደግሞ መቼም አይከፈት። ውስጡ ያለው አየር ያው ዝግ አየር እየተሽከረከረ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ከውጭ ምንም እንዳይገባ ተብሎ ነው።»

ካርዶቹን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ አጠበች። የተበሉትን መስመሮች በቀጭን ሽቦ ቀጠለች። ማሽኑ ነፍስ ዘራ፤ እሷ ግን አዲስ ካርድ እስኪመጣ ከባድ ሥራ እንዳንሰጠው አስጠነቀቀችን።

በማግስቱ አቶ ሀብቶም እኔን፣ ካፖንና አሊን ቢሮ ጠሩን። የወደቡ ሰዎች ጮኸውባቸዋል፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«በሩን ማን ነው የከፈተው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለ አሊ።

«ቬንትሌተሩስ?»

«የቤቴ ነው።»

«እንግዲያው ቬንትሌተርህን ይዘህ ቤትህ ግባ። ነገ እንዳትመጣ።»

አሊ መሬት መሬት አየ። ቤት ውስጥ አራስ እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። እኔ በሐቅ ልናገር፣ ፍርዱ ትክክል መስሎኝ ነበር። ሳያውቅ የነካ ይቀጣ የምል ሰው ነኝ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ካፖ ግን የሸሚዛቸውን የላይኛ ቁልፍ ነካ አድርገው «አቶ ሀብቶም» አሉ፣ «በጋውን በሙሉ ሸሚዝዎን የት ነበር የሚያደርቁት?»

አቶ ሀብቶም ቀና አሉ።

«ልወቅስዎ አይደለም» አሉ ካፖ። «እሱ በሩን ከፈተ። ተከፍቶ በየጠዋቱ ያየሁት እኔ ነኝ። ያንን ማሽን ከላይ እስከ ታች በመዳፌ ስዳብስ፣ ጀርባውን አንድ ቀን እንኳ አልዳሰስኩም። ማጣሪያው እዚያ መሆኑን ትናንት ነው ያወቅኩት። በዚህ ዕድሜዬ!»

«ካፖ፣ አንድ ሰው መጠየቅ አለበት።»

«እሺ፣ ይጠየቅ። አሊን አስወጡት። ነገ ሌላ ሰው ትቀጥራላችሁ። ያ ሰው በሚቀጥለው በጋ ማሽኑ ሲሞቅ ምን ያደርጋል? በሩን ይከፍታል። አሰብ ውስጥ በሩን የማይከፍት ሰው ከየት ይመጣል? ከእንግዲህ የማይከፍተው አንድ ሰው ነው ያለን፤ እሱን ነው የምታባርሩት።»

የኤርኮንዲሽነሩ ውሃ ከመስኮቱ ውጭ ጀሪካኑ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። አቶ ሀብቶም ከባድ ሰው አይደሉም፤ የተጨነቁ ሰው ነበሩ። እስክሪብቷቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ።

«ማጣሪያውን ማን ነው የሚያጥበው ታዲያ?» አሉ በመጨረሻ።

«አሊ» አሉ ካፖ።

ከቢሮው እንደወጣን ካፖ የሳጥኑን በር ቆለፉና ቁልፉን ለአሊ ሰጡት። እኔ አልቻልኩም፤ «ካፖ፣ ለከፈተው ሰው ቁልፍ ይሰጣል?» አልኩ።

«በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አለ? አንተ ራስህ ብሩሹን ይዘህ አጠገቡ ብትሆን ኖሮ የብረቱ መበላሸት እንደ እሱ ያምህ ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ወደ አሊ ዞሩ። «ቬንትሌተሩን ዛሬውኑ ለፋጡማ መልስ። ወደይ፣ ልጄ፣ ማሽን የራሱ መተንፈሻ አለው። ሕፃኑ ግን ያለው ያ ብቻ ነው።»

አሊ ቁልፉን በሽርጡ ጫፍ ቋጠረው። ቬንትሌተሩን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ፤ ሽቦው ከኋላው እየተጎተተ ሲሄድ ሮጬ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

መርከቡ በራሱ ማንሻ እያዘገመ እህሉን አራገፈ። የኩሽኔታውን ቤት አዲስ ብረት ሲመጣ ካፖና እኔ በአሮጌው የእጅ ፍሬዛ ሠራነው።

አሊ ማክሰኞን የማጣሪያ ቀን አደረገው። ከኤርኮንዲሽነሩ ውሃ ይቀዳል፣ ስፖንጁን በሳሙና ያሻል፣ ጥላ ላይ ያደርቃል፣ መልሶ ይገጥማል። ሲገጥም መዳፉን ከመሣሪያው አፍ ላይ አድርጎ ንፋሱን ይለካል። የካፖን መዳፍ ነበር የሚመስለው። ከዚያ በኋላ በነበሩት በጋዎች ሳጥኑ አንድም ቀን አልሞቀም፤ የቀን ሠራተኛም በማሽን ምክንያት ወደ ቤት አልተሸኘም። ከአሰብ ወዲህ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ማሽን ስረከብ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። ሰው ፊቱን ሁልጊዜ ያጸዳል፤ ብልሽት የሚጀምረው ግን እጅ በማይደርስበት በኩል ነው። ልጆቼን ስጠይቃቸው የነበረውም ይህንኑ ነው። ውጤታቸውን ሳይሆን የደበቁትን ነበር የምጠይቃቸው። አንዳንዴ አብዝቼዋለሁ ይሆናል።

ከዚያ ሁለቱ አገሮች ተጣሉ። ካፖ ቀደም ብለው ጡረታ ወጥተው አስመራ ገብተዋል። ወደቡ ላይ መርከብ ጠፋ፤ የጭነት መኪኖቹ መንገድ ተዘጋ። እኛ ከወሎና ከሌላው የመጣን ሰዎች ዕቃችንን እየጠቀለልን እንወጣ ጀመር። ኦፊቺናው ሥራ ካጣ ቆይቷል፤ ሲኤንሲው በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል።

የምሄድበት ቀን አሊ ሻንጣዬን ይዞ ሊሸኘኝ መጣ። ሕፃኑ ተራምዶ፣ አድጎ፣ የአባቱን ሽርጥ ጫፍ ይዞ አብሮት ነበር። ተቃቀፍን። መኪናው ገና ሰው እየጠበቀ ነው፤ ከእኔ ጋር ቆሞ ያወራኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና «ጋሽ ይመር፣ አላህ በሰላም ያግባህ። እኔ ልሂድ» አለ።

«ወዴት? ኦፊቺናው ዝግ አይደለም እንዴ?»

«ማክሰኞ ነው» አለ፣ በሽርጡ የቋጠረውን ቁልፍ እየነካ።

«አሊ፣ ማሽኑ እኮ ሥራ ከፈታ ስንት ጊዜው።»

«ማሽኑ ፈቷል» አለ፣ ልጁን ወደ ትከሻው እያነሳ። «ጨው ግን ሥራ አልፈታም።»